በ1950ዎቹ አጥቂ መሆን፦ መንግሥቱ ወርቁና የዘመኑ ኳስ

በኢትዮጵያ እግር ኳስ የ1950ዎቹ አጥቂ ሲነሣ ቀድሞ አፍ ላይ የሚመጣው መንግሥቱ ወርቁ ነው። ትውልዱ ጎንደር ሲሆን ስም ያወጣው በአዲስ አበባው ቅዱስ ጊዮርጊስ ማሊያ ነው። በአፍሪካ ዋንጫ ውድድሮች 10 ጎል አግብቷል፤ ከኢትዮጵያውያን በዚህ የሚስተካከለው የለም። በብሔራዊ ቡድኑ የፊት መስመር አብረውት የተሰለፉት ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ የሉቺያኖ ታናሽ ወንድም ኢታሎ፣ ግርማ ተክሌና ጌታቸው ወልዴ ናቸው። ቡድኑን የመራው ይድነቃቸው ተሰማም በጉብዝናው ዘመን ለቅዱስ ጊዮርጊስ ጎል ሲያገባ የኖረ አጥቂ ነበር። የእነዚህ ሰዎች የኳስ ሕይወት ከየት ተነሣ፣ በምን ኖረ፣ የት ቆመ የሚለው ጥያቄ ሌላ ጥያቄ ያስከትላል፤ እንደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ካሉ የጎጃም ከተሞች ወደዚያ ሰልፍ የሚያደርስ መንገድ ለምን ጠፋ? (እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ ከ1950ዎቹ በፊት ይጀምራል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 አራዳ ላይ በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ ተመሠረተ። ወዲያው ጣሊያን ገባ፤ በወረራው ዓመታት ኳሱም እንደ ሌላው ነገር ሁሉ በዘር ተከፋፈለ፣ ሐበሻው ከነጩ ጋር አይጫወትም ነበር። ከነፃነት በኋላ ፌዴሬሽን ተቋቋመ፤ የአርመን፣ የግሪክና የጣሊያን ማኅበረሰቦች እንዲሁም የእንግሊዝ ጦር ልዑካን ቡድን እያቋቋሙ ከአገሬው ጋር ይገጥሙ ጀመር። ኅዳር 1940 ላይ ብሔራዊ ቡድኑ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጨዋታ አድርጎ የያኔዋን የፈረንሳይ ሶማሌላንድ፣ የዛሬዋን ጅቡቲ፣ 5ለ0 አሸነፈ። የካቲት 1949 ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ኢትዮጵያ ከግብፅና ከሱዳን ጋር መሥራች ሆነች፤ አራተኛዋ ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎዋ ምክንያት ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውድድር ወጣች። ከእርሷ ጋር ልትጫወት የነበረችው ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4ለ0 ተሸነፈች። አራቱንም ያገባው አድ ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ካይሮ ላይ ውጤቱ ያው 4ለ0 ሆነ። ኢትዮጵያ በ1954 ያነሣችውን የአፍሪካ ዋንጫ ለመመዘን እነዚህን ሁለት ሽንፈቶች ማስታወስ ያስፈልጋል።

የዘመኑን አጥቂ የሚያፈራው ከተማ ነው፤ ከተማም ሲባል ሁሉም ከተማ አይደለም። አዲስ አበባ፣ አስመራና ድሬዳዋ ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል። አስመራ ጣሊያን ትቶት የሄደው የክለብ ልማድ ነበራት፤ ሐማሴንና አከለ ጉዛይ በሚል ስም የመጡ ቡድኖች የአገሪቱን ሻምፒዮና ወስደዋል። ድሬዳዋ የባቡር ጣቢያና የጥጥ ፋብሪካ ስለነበራት ጥጥ ማኅበር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጠንካሮቹ ክለቦች አንዱ ሆነ። ሉቺያኖ አስመራ ተወልዶ ኳስን እዚያው ከተማረ በኋላ ስሙ የገነነው በዚሁ ክለብ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ጊዮርጊስም፣ የጦሩ ቡድንም ነበሯት። የሦስቱ ከተሞች የጋራ ነገር ደመወዝ የሚከፍል መሥሪያ ቤት መኖሩ ነው። ተጫዋቹ በወረቀት አማተር ነው፤ የሚበላው ከፋብሪካው፣ ከጦሩ ወይም ከመሥሪያ ቤቱ ነው። ሉቺያኖ ራሱ መካኒክ ነበር። ኳሱ ከሥራ ሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ጥሩ አጥቂን ለመውሰድ የፈለገ ክለብም ከገንዘብ ይልቅ የሥራ ቦታ ያቀርብለታል።

ይህን ይዞ ወደ ጎጃም ማየት ነው። ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መንገዱ ጎሐ ጽዮን ላይ ዓባይን ወርዶ በደጀን ይወጣና ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫንና ጂጋን አልፎ ወደ እርሷ ይገባል፤ ቡሬ ከዚያ አለፍ ብላ ናት። በ1950ዎቹ ፍኖተ ሰላም የቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። አውራጃው እህል እንጂ ፋብሪካ አያውቅም፤ የባቡር ሐዲድ አልደረሰውም፤ ክለብ የሚያቋቁም የውጭ ዜጋ ማኅበረሰብም አልነበረበት። እግር ኳስ የገባው በአንድ በር፣ በትምህርት ቤት፣ ነው። ተማሪው ክፍሉ እየጨመረ ሲሄድ ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ወደ ደብረ ማርቆስ ይሻገራል፤ እግሩ የተሳካለት ከሆነም የሚታየው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው እርከን አዲስ አበባ ነው፤ አዲስ አበባ የገባ የጎጃም ልጅ ደግሞ የመጣው ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለመንግሥት ሥራ እንጂ ለኳስ አልነበረም። ቤተሰብም ለሌላ ነገር አይልክም።

ገጠሩ ጨዋታ አጥቶ አያውቅም። ለገና እረኛው ሁሉ ከታላላቆቹ ጋር ቆልማማ ዱላውን ይዞ መስክ ይወርዳል፤ ላይኛው ሰፈርና ታችኛው ሰፈር ተከፍሎ እሩሯን እያሳደደ እስኪመሽ ይጫወታል። በዚህ ጨዋታ አጥቂ፣ ተከላካይ የሚባል ቦታ የለም፤ ሁሉም እሩሯ ወዳለችበት ይሮጣል። የእግር ኳሱ ደግሞ የጨርቅ ኳስ ነው። ቡትቶ ተጠቅልሎ ይጠቀጠቅና በቃጫ ወይም በሲባጎ ይጠመጠማል፤ ከተማ ቀመስ የሆነው ልጅ ያረጀ ካልሲ ያገኝለታል። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው፤ አግዳሚ ስለሌለው ከፍ ብላ ያለፈች ኳስ ሁልጊዜ ጠብ ታስነሣለች። ሜዳው የከብት መዋያ ወይም አዝመራው የተነሣለት ማሳ ስለሆነ ደህናው ወቅት ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃው ለበሬም ያስቸግራል።

የጨርቅ ኳስ የሚያስተምረውም የሚያስቀረውም አለው። አይነጥርም፤ ስለዚህ እግር ሥር ተይዞ ይሄዳል፣ አብዶ ይሠራበታል፣ በጠባብ ቦታ ሰው ይታለፍበታል። ከክንፍ የሚሻገር ኳስ፣ ቴስታ፣ ከሩቅ የሚመታ ቮሊ ግን በጨርቅ ኳስ አይለመድም። ታኬታ አድርጎ በነጠረ የቆዳ ኳስ ሲጫወት ያደገ የአስመራ ልጅ ከዚህ ልጅ ጋር ቢገናኝ ልዩነቱ የችሎታ አይመስለንም፤ የዕቃና የሜዳ ነው። በኢትዮጵያ እግር ኳስ «አጭር ቅብብል እንወዳለን፣ ጎል ፊት ስንደርስ እንፈዛለን» የሚለው የቆየ ወቀሳ ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ጥር 1954። የአፍሪካ ዋንጫ ለሦስተኛ ጊዜ ሲካሄድ አስተናጋጇ ኢትዮጵያ ነበረች። የተሳተፉት አራት ቡድኖች ናቸው፦ ኢትዮጵያ በአስተናጋጅነት፣ ግብፅ (ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር) በሻምፒዮንነት፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ በማጣሪያ። ዋንጫውን ለማንሣት ሁለት ጨዋታ ማሸነፍ ይበቃ ነበር፤ የድሉን ክብር ባይቀንሰውም ከዛሬው የ24 ቡድን ውድድር ጋር አንድ አድርጎ ማየት አይገባም። የኢትዮጵያ አሰልጣኝ ይድነቃቸው ነው፤ ዩጎዝላቪያዊው ስላቭኮ ሚሎሼቪችም ከጎኑ ነበር። አሰላለፉ በዘመኑ ደንብ ሁለት ኋላ፣ ሦስት መሐል፣ አምስት ፊት ነው። በረኛው ጊላሚካኤል ተክለማርያም፤ ከፊቱ ክፍሎም አርአያና አስመላሽ በርሄ፤ መሐል በርሄ ጎይቶም፣ አዋድ መሐመድና ተስፋዬ ገብረመድኅን፤ ፊት ከላይ የተጠሩት አምስቱ። ዛሬ አንድ አጥቂ ብቻውን ፊት ላይ ሲቆም ያየ ሰው አምስት አጥቂ ሲባል ይገርመዋል። ያኔ የተለመደው ግን ይህ ነው፤ የዘመኑ ውጤት 4ለ2፣ 5ለ1 እያለ የሚሄደውም በአመዛኙ በዚሁ የተነሣ ነው።

እሑድ ጥር 6 ቱኒዚያ ቀድማ ብታገባም ኢትዮጵያ 4ለ2 አሸነፈች። መንግሥቱ ሁለት አገባ፤ ሉቺያኖ አንዷን በፍጹም ቅጣት ምት፣ የድሮ ተጫዋቾች ሪጎሬ በሚሉት፣ አስቆጠረ። ግብፅ ኡጋንዳን 2ለ1 ያሸነፈችው ጥር 10፣ በከተራ ዕለት፣ ነው። ፍጻሜው እሑድ ጥር 13 ስለዋለ ኢትዮጵያ ሙሉ ሳምንት አርፋ ስትቀርብ ግብፅ የሦስት ቀን ዕረፍት ብቻ ነበራት። ከዚህ ላይ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጠው የአዲስ አበባ ከፍታ ይጨመራል። ተጫዋች መቀየር ገና ስላልተለመደ የገቡት 11 ሰዎች እስከ መጨረሻው መሮጥ አለባቸው። ጨዋታው ወደ ጭማሪ ሰዓት ሲያመራ ሳንባው ለማን እንደሚያደላ መገመት አያዳግትም።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ንጉሠ ነገሥቱ ተቀምጠው ያዩት ፍጻሜ በደቂቃ ሲተረክ እንዲህ ነው። በ35ኛው ባዳዊ ለግብፅ አገባ። ኢትዮጵያ 39 ደቂቃ ያህል በግብፅ ስትመራ ቆይታ በ74ኛው ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ደስታው ሳይበርድ በ75ኛው ያው ባዳዊ ደገመ። የቀረው 15 ደቂቃ ነው። በ84ኛው አንበሉ ሉቺያኖ 2ለ2 አደረገውና 90ው አለቀ። በጭማሪው በ101ኛው ኢታሎ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ አደረጋት፤ በ117ኛው መንግሥቱ አራተኛዋን አግብቶ ነገሩን ዘጋው። ከአምስቱ የፊት ተሰላፊዎች አራቱ አንዳንድ አግብተዋል፤ ያላገባው ጌታቸው ወልዴ ብቻ ነው። መንግሥቱ በሦስት ጎል ከባዳዊ ጋር የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ነው። አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት ስለነበሩ አንበልነቱ ላልተዋጠላቸው ባለሥልጣናት ይድነቃቸው እንዳልተበገረ በዚያ ድል ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ይነገራል። ኢትዮጵያ ያንን ዋንጫ ዳግም አላነሣችም።

ፍጻሜው የቃና ዘገሊላ ማግስት ስለነበር ታቦታቱ የገቡት፣ የጥር ሠርግም የተጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 በመሆኑ ያችን አራተኛ ጎል ከስታዲየሙ ውጭ ያየ የለም። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ወሬው የደረሰው ሬዲዮ ካለበት ቤት፣ ከአዲስ አበባ ከሚመጣ ሰውና ዘግይቶ ከሚደርስ ጋዜጣ ነው። የመንግሥቱን ስም ለእረኛው ያደረሰለት ወሬ እንጂ ምስል አይደለም፤ ዝናው ከቁጥሩ በላይ የሰፋው ምናልባትም ከዚህ የተነሣ ነው።

የሚቀጥሉት ዓመታት በአጭሩ ሊታለፉ ይችላሉ። ኅዳር 1956 ጋና ላይ ኢትዮጵያ ለደረጃ ተጫውታ በግብፅ 3ለ0 ተሸንፋ አራተኛ ወጣች። ኅዳር 1958 ቱኒዚያ ላይ ሁለቱንም ጨዋታ በሰፊ ውጤት ተሸነፈች። ጥር 1960 አዲስ አበባና አስመራ ሲያስተናግዱ ቡድኑ ኡጋንዳን፣ አይቮሪኮስትንና አልጄሪያን አሸንፎ ምድቡን ቢመራም በግማሽ ፍጻሜው በኮንጎ ኪንሻሳ በጭማሪ ሰዓት 3ለ2 ተሸነፈ፤ ለደረጃውም በአይቮሪኮስት 1ለ0 ተረታ። በእኛ እይታ ከ1954ቱ ቀጥሎ የዚያ ትውልድ ምርጥ ውድድር ይህ ነው፤ የተሸናፊ ታሪክ ስለሆነ ብዙም አይወራለት። በ1962 ሱዳን ላይ ሦስቱም ጨዋታ ሽንፈት ሆነ፤ አይቮሪኮስት 6ለ1 ስታሸንፍ አጥቂዋ ሎራን ፖኩ ብቻውን አምስት አገባ። በአህጉሩ ኳስ የአጥቂነት ዘውድ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አፍሪካ የዞረው በእነዚያ ሁለት ውድድሮች ነው። መንግሥቱም ከዚያ ብዙ ሳይቆይ ታኬታውን ሰቀለ።

ስለ ጎል ቁጥር አንድ ነገር መባል አለበት። ለብሔራዊ ቡድን መንግሥቱ 61 ጎል እንዳገባ የሚጽፉ አሉ፤ ለሉቺያኖ ከ100 በላይ ጨዋታና 99 ጎል የሚቆጥሩለትም አሉ። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ በዓመት የምታደርጋቸው ዓለም አቀፍ ጨዋታዎች ጥቂት ስለነበሩ እንዲህ ያሉ ድምሮች ከጎብኚ ክለቦችና ከተመረጡ ቡድኖች ጋር የተደረጉ ግጥሚያዎችን ሳይጨምሩ አይሞሉም። የማያወላውለው የአፍሪካ ዋንጫው ነው፦ ለመንግሥቱ 10፣ ለሉቺያኖ 8። እነዚህ የታወቁት ኮንፌዴሬሽኑ እያንዳንዷን ጨዋታ መዝግቦ ስለያዘ ነው።

ንጽጽሩ ከሩቅ ቢመጣም ይጠቅማል። ሞንትሪያል የተወለደው ካናዳዊው ኤሮል ክሮሳን በዚያው ዘመን በእግሩ ለመኖር ውቅያኖስ ተሻግሮ እንግሊዝ ገባ፤ በጊሊንግሃም፣ በሳውዝኤንድ፣ በኖርዊች ሲቲና በሌይተን ኦሪየንት ተጫወተ። ጥር 1951 በሦስተኛ ዲቪዚዮን የነበረው ኖርዊች ማንቸስተር ዩናይትድን በኤፍ ኤ ካፕ 3ለ0 ሲያሸንፍ አንዷን ያገባው እርሱ ነው፤ በዚያ ዓመት ክለቡ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ክሮሳን የአህጉር ዋንጫ አላነሣም፤ በአገሩም እንደ መንግሥቱ ስሙ በየሰፈሩ አይጠራም። ነገር ግን በሊግ የረገጠው ሜዳ ሁሉ፣ ያገባው ጎል ሁሉ በመዝገብ አለ። አንዱ ደመወዝተኛ ሆኖ ተመዘገበ፤ ሌላው አማተር ሆኖ ነገሠ። የኢትዮጵያ ክለቦች ያንጊዜ ጸሐፊና የጨዋታ መዝገብ ቢኖራቸው ኖሮ በመንግሥቱ የጊዮርጊስ ጎሎች ላይ ዛሬ በየሻይ ቤቱ ክርክር ባልተነሣ።

ከሜዳ በኋላ ያለው ሕይወት ለየብቻ ሄደ። መንግሥቱ አሰልጣኝ ሆኖ ብሔራዊ ቡድኑን ለየካቲት 1974ቱ የሊቢያ አፍሪካ ዋንጫ አበቃ። እዚያ ግን ቡድኑ በናይጄሪያ 3ለ0፣ በዛምቢያ 1ለ0 ተሸንፎ ከአልጄሪያ ጋር ያለ ጎል ተለያየ፤ የአገሪቱ ታላቅ አግቢ የመራው ቡድን አንድም ጎል ሳያገባ ተመለሰ። መንግሥቱ ያረፈው ታኅሣሥ 7 ቀን 2003 ነው። አዲስ አበባ ላይ ጋራዥ የነበረው ሉቺያኖ በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ከአገር ወጥቶ ጣሊያን ኖረ፤ መስከረም 2015 በ87 ዓመቱ ዐረፈ። ይድነቃቸው ከሁሉም ርቆ ሄደ፦ ከ1964 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ ነሐሴ 1979፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበር።

የከተማና የመሥሪያ ቤት ነገር በአማራ ክልልም ቀስ ብሎ ታይቷል። ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያገኘችው በ1953 ነው፤ ከተማዋ የኳስ ከተማ መሆን የጀመረችውም በፋብሪካዎቿ ቡድኖች ነው። የዛሬው ባሕር ዳር ከተማ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ የገባው በ2011 ነው። የመንግሥቱ የትውልድ ከተማ ጎንደር በፋሲል ከነማ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ የወሰደችው በ2013 ነው። ቡሬም በዚያው ዓመት የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና ትልቅ የዘይት ፋብሪካ ሥራ ሲጀምሩባት አየች። በድሬዳዋ ጥጥ ማኅበርን የወለደው ዓይነት ነገር ወደ ምዕራብ ጎጃም የመጣው ከ60 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፤ በዚያ ላይ ዛሬ ክለቦች ተጫዋች የሚገዙት በገንዘብ እንጂ በሥራ ቦታ አይደለም። የጨርቅ ኳሱን የላስቲክ ኳስ ተክቶታል፤ የሜዳው ጉዳይ ግን በአብዛኛው ገጠር እንደነበረ ነው።

ብሔራዊ ቡድኑ ከሊቢያው በኋላ 31 ዓመት ጠብቆ በሰውነት ቢሻው አሰልጣኝነት ጥር 2005 ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰ፤ አዳነ ግርማ በዛምቢያ ላይ አንድ አገባ። ጥር 2014 ካሜሩን ላይ ዳዋ ሁቴሳና ጌታነህ ከበደ አንዳንድ ጨመሩ። ከ1974 ወዲህ በሦስት ውድድር፣ በዘጠኝ ጨዋታ፣ ኢትዮጵያ ያገባችው በድምሩ ሦስት ጎል ነው፤ መንግሥቱ ወርቁ በ1954ቱ ውድድር በሁለት ጨዋታ ብቻውን ያገባውን ያህል።